የ1993 የጃፓን የእግር ኳስ ዘመን፦ ሊግን በብሔራዊ ቡድን ውጤት መመዘን ይቻላልን?

የአንድ አገር ሊግ ጥንካሬ ብዙ ጊዜ የሚለካው በብሔራዊ ቡድኑ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. የ1993 የጃፓን የውድድር ዘመን ግን ይህ መለኪያ አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ከዚያ ቀደም የጃፓን ታላላቅ ቡድኖች በ1965 በተመሠረተ ሊግ የሚወዳደሩ የኩባንያ ቡድኖች ነበሩ። በ10 ክለቦች የተጀመረው ጄ ሊግ ይህን ሥርዓት ለመለወጥ መስፈርቶች አወጣ፦ ክለቡ ራሱን የቻለ ድርጅት እንዲሆን፣ በኩባንያ ስም ሳይሆን በመኖሪያ ከተማው እንዲታወቅ፣ 15,000 ተመልካች የሚይዝ ስታዲየምና የታዳጊዎች ቡድን እንዲኖረው። ሜይ 15 ቀን በቶኪዮ በተካሄደው የመክፈቻ ጨዋታ ዮኮሃማ ማሪኖስ ቬርዲ ካዋሳኪን በ59,626 ተመልካቾች ፊት 2 ለ 1 አሸነፈ። የመጀመሪያውን ዙር በበላይነት ያጠናቀቀው ካሺማ አንትለርስ ሲሆን፣ መነሻው በሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረ የብረታ ብረት ኩባንያ ቡድን ነበር። የዘመኑን ዋንጫ ግን በመጨረሻ ቬርዲ ወሰደ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር 6 የእስያ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በዶሃ ተገናኙ፤ የሚያልፉት 2 ብቻ ነበሩ። በሆላንዳዊው ሃንስ ኦፍት የሚሠለጥነው የጃፓን ቡድን ከአንድ ዓመት በፊት የእስያ ዋንጫን አንሥቷል። ኦክቶበር 28 ቀን በመጨረሻው ጨዋታ ኢራቅን 2 ለ 1 እየመራ፣ ፍጻሜው ሲቃረብ በአጭሩ ከተጀመረ የማዕዘን ምት ጃፋር ኦምራን በጭንቅላቱ አስቆጠረ። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ በእኩል 6 ነጥብ ቢጨርሱም ደቡብ ኮሪያ በግብ ክፍያ በልጣ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር አለፈች።

ሽንፈቱ የሊጉን ተመልካች አላሸሸም፤ በ1994 አማካይ የተመልካች ቁጥር ጨምሮ ወደ 19,600 ገደማ ደረሰ። ተቃራኒው የታየው በ1997 ነው። አማካዩ ወደ 10,100 ባሽቆለቆለበት በዚሁ ዓመት፣ ኖቬምበር 16 ቀን ጃፓን በማሌዥያ ጆሆር ባሩ ኢራንን በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። የጨዋታው ጎልቶ የታየ ተጫዋች ሂዴቶሺ ናካታ በ1993 ገና ተማሪ ነበር፤ ወደ ጄ ሊግ የገባው በ1995 ነው።

ልዩነቱ የሚብራራው ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት በመጓዛቸው ነው። የተመልካች ብዛት ከአዲስነት ጋር በፍጥነት ይወጣል፣ በፍጥነትም ይወርዳል። የተጫዋች ብቃት ግን በየሳምንቱ ውድድር ቀስ በቀስ የሚከማች ሲሆን፣ ፍሬው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በዚህ ላይ የማጣሪያ ውጤት በአንዲት የማዕዘን ምት ሊወሰን ይችላል። ከዶሃ በኋላ አሠልጣኙ ቢቀየርም የክለቦቹ መሠረት ባለበት ቀጠለ። ሊጉ በዚያች ምሽት ውጤት ብቻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ፣ አራት ዓመት ቆይቶ ፍሬ ያፈራው ሥርዓት ገና በጅምሩ ከሽፏል በተባለ ነበር።