የኮሎምበሱ አውራሪስና የዘበኛው ደመወዝ

በአሜሪካ ካለችው ከኮሎምበስ መሐል ከተማ ተነሥቶ የሳዮቶን ወንዝ እየተከተለ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣ መንገደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ከተከፈተው መካነ አራዊት ይደርሳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻቸውን ወደዚያ የሚወስዱ የአገራችን ሰዎች ከአንበሳው ፊት ብዙ ቆመው፣ ቅጠሉን በላይኛው ከንፈሩ ጫፍ እየቆነጠረ ከሚቀጥፈው ከጥቁሩ አውራሪስ ፊት ግን ቶሎ ቢያልፉ አይፈረድባቸውም፤ ይህ ባለ ሁለት ቀንድ ፍጡር የኢትዮጵያም ባላገር እንደ ነበረ ማን ነግሯቸው!

በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ ከአዱሊስ ወደብ በመርከብ ከሚጫነው ሸቀጥ መካከል የአውራሪስን ቀንድ ከዝሆን ጥርስ ጋር ይቆጥረዋል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም የመጣው ነጋዴ ኮስማስም በሕይወት ያለውን ከሩቅ ማየቱን፣ ገለባ ተሞልቶ የቆመውን ቆዳውን ደግሞ በንጉሡ ቤት መመልከቱን ጽፎልናል። ከዚያ ወዲህ ቀንዱ ለመኳንንቱ ዋንጫ፣ ለጎራዴውም እጀታ ሲሆን ቆይቶ፣ አውሬው ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ቆላ ተገፍቶ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት ከምድራችን ጠፋ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ አዳኝ ላይ መጫን ለእኛ አይገባንም።

ቀንዱ ከጥፍርና ከጠጉር ባሕርይ የተሠራ ነው፤ ቢፈጭና ቢጠጣ ጥፍርን ከመጠጣት የተለየ ፈውስ አይሰጥም። ይሁንና በእስያ መድኃኒት ነው ተብሎ፣ በየመንም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ሀብት በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበዛ ጊዜ ጃምቢያ ለሚባለው ጩቤ እጀታ ተፈልጎ፣ ዋጋው እጅግ ናረ። በ1977 ንግዱ በዓለም አቀፍ ውል ቢከለከልም፣ በ1970 ገደማ 65,000 ያህል የነበረው ጥቁር አውራሪስ በ1995 ከ2,500 በታች ወረደ፤ የምዕራብ አፍሪካው ነገድ ከናካቴው መጥፋቱም በ2011 ታወጀ። እናቲቱ ከአሥራ አምስት ወር እርግዝና በኋላ አንድ ግልገል ብቻ የምትወልድ ስለሆነች፣ በአንድ ሌሊት ጥይት የጎደለውን ለመተካት ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ታዲያ እንዴት ይጠበቃል? በኬንያ በ1983 አና መርዝ የተባለች ሴት ከክሬግ ቤተሰብ ጋር የመሠረተችው፣ ዛሬ ሌዋ የሚባለው ጥብቅ ስፍራ መልሱን ያሳያል። እያንዳንዱ አውራሪስ በጆሮው ላይ በተቆረጠ ምልክት ይለያል፤ ዘበኞቹ በእግር እየተከተሉ ማንኛው የት እንደዋለ ይመዘግባሉ፤ ለቀናት ያልታየ እንደሆነ ፍለጋ ይወጣል። ዱካ የሚያሸቱ ውሾች አሉ፤ የታጠቁ ሰዎች አሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን በዙሪያው የሚኖረው አርብቶ አደር፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከስፍራው ገቢ ሲሠራለት፣ እንግዳ ሰው ባየ ጊዜ ይናገራል። በናሚቢያ ከ1989 ጀምሮ እንደተደረገው አስቀድሞ ቀንድን መቁረጥም ይረዳል፤ ሆኖም ቀንዱ መልሶ ስለሚያድግ ሥራው ማለቂያ የለውም፣ አዳኙም ለቀረችው ጉቶ ሲል ይገድላል። እኔ ከቢላዋው ይልቅ በዘበኛው አምናለሁ፤ ዘበኛው ግን ደመወዝ ይሻል።

እዚህ ላይ ኮሎምበስ ትገባለች። የአሜሪካ የአራዊት ተንከባካቢዎች ማኅበር ከ1990 ጀምሮ፣ የኮሎምበሱ ቅርንጫፍ ጭምር፣ በየዓመቱ በቦውሊንግ ጨዋታ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ከሚሰበሰበውም ከፊሉ ለሌዋ ይላካል። ቀን ቀን የአውራሪሱን በረት የሚጠርጉት ሰዎች ማታ ከባዱን ኳስ እያንከባለሉ የኬንያውን ባልንጀራቸውን ጫማና ሬዲዮ መግዛታቸው ለተመልካች ሳቅ ቢሆንም፣ ከብዙ የጉባኤ ንግግር የሚሻል መባ ነው።

በመካነ አራዊት የተወለደው አውራሪስ ራሱ ወደ ዱር ሊመለስ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ ነው። በ2019 ከአውሮፓ መካናተ አራዊት አምስት ጥቁር አውራሪሶች ወደ ሩዋንዳው አካጌራ ተወስደዋል። በአንጻሩ በ2018 ከደቡብ አፍሪካ ወደ ቻድ ዛኩማ ከተወሰዱት ስድስቱ፣ የአዲሱ ምድር መኖ ስላልተስማማቸው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አራቱ ሞተዋል፤ ገዳያቸው ጥይት አልነበረም። እንግዲህ ለማጎና ለኦሞ ፓርኮቻችን አውራሪስ ይመለስ የሚል ቢነሣ፣ ከእንስሳው ማጓጓዣ አስቀድሞ የቁጥቋጦውን ዓይነት የሚመረምር ሊቅ፣ ቀጥሎም የዘበኞቹን የብዙ ዓመት ደመወዝ የሚይዝ ሣጥን ሊያሰናዳ ይገባዋል።