ለልጆች ፊት የሚሆን ቀለም ከጓዳችን

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በላስታ ላሊበላ የአሸንድዬ ጨዋታ ይጀመራል። በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኩለው፣ አሸንድዬ የተባለውን ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። ትንንሾቹም «እኔንም ኳሉኝ፣ እኔንም ቀቡኝ» ማለታቸው አይቀርም። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ፊት ላይ ባንዲራና አበባ መሳል ተለምዷል። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ጥያቄው በምንድን ነው የምንቀባቸው? የሚለው ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ትንሽ ልጅ ፊቱን ያሻል፣ ጣቱን ይልሳል፣ ዓይኑን ይነካል። ስለዚህ ፊቱ ላይ የተቀባው ሁሉ አፉና ዓይኑ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። አንዳንድ የኩል ዓይነት የሚሠራው እርሳስ የተባለው ብረት ካለበት ድንጋይ ነው። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ ትምህርት የመቀበል ችሎታቸውን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትንንሽ ልጆች የዋጡትን እርሳስ ሰውነታቸው ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ይቀበላል። ኩሉ እርሳስ ይኑረው አይኑረው ደግሞ በዓይን አይለይም። ስለሆነም ትንንሽ ልጆችን አለመኳል ይሻላል።

የግድግዳ ቀለም፣ ማርከር፣ የእስክሪብቶ ቀለምና ከባትሪ ድንጋይ የሚወጣው ጥቁር ዱቄትም ለቆዳ የተሠሩ አይደሉም።

ታዲያ እንዴት እናዘጋጅ?

2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ወይም በደንብ የተነፋ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽታ የሌለው ሎሽን እና ጥቂት ጠብታ ቀለም በንጹሕ ሲኒ ማዋሃድ ነው። ከወፈረ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ጠብ ማድረግ ይቻላል።

ለቢጫ፦ አንድ ቁንጥር እርድ። ከበዛ ቆዳ ላይ ቀርቶ አልለቅ ይላል፣ ልብስም ያበላሻል።

ለቀይ፦ ቀይ ሥር ፈቅፍቆ በንጹሕ ጨርቅ መጭመቅ። ጭማቂውን ትንሽ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ቀለሙን ያደምቀዋል።

ለአረንጓዴ፦ ቆስጣ ወቅጦ መጭመቅ።

ሎሽን ከሌለ ቫዝሊን ይሆናል። ነገር ግን ቫዝሊን ከውኃ ጋር ስለማይዋሃድ ጭማቂ ሳይሆን እንደ እርድና ካካዎ ያለ ዱቄት ነው የሚያስፈልገው። ቀለሙ እንደ ሱቁ ባይደምቅም ለአንድ ቀን ጨዋታ ይበቃል።

ከጓዳ የተገኘ ሁሉ ግን ለፊት አይሆንም። በርበሬ ያቃጥላል። ሎሚና ጤና አዳም ደግሞ የተቀባው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ እስኪቋጥር ሊያደርሱት ይችላሉ።

ሲቀቡ የሚደረግ ጥንቃቄ

በዋዜማው የልጁ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ ማየት ያስፈልጋል። ከቀላ ወይም ካሳከከው ይቅር። ስንዴ የማይስማማው ልጅ ካለ ፉርኖ አትጠቀሙ። ጨቅላ ሕፃናትን ጨርሶ አትቀቡ። ከፍ ላሉት ጉንጭና ግንባር ይበቃል፤ ዓይን፣ ከንፈርና ቁስል አካባቢ አይነካ። ቀለሙ ስለሚበላሽ ለነገ አታሳድሩት። ማታ በቫዝሊን አለስልሶ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ማጠብ ነው።

በጋራ መጠቀምስ?

ብዙ ወጣቶች «በአንድ ብሩሽ ብንቀባ ኤች አይ ቪ ይይዘን ይሆን?» ይላሉ። በቀለም፣ በላብና በእንባ ኤች አይ ቪ አይተላለፍም። ሆኖም በአማራ ክልል በስፋት የሚታየው የዓይን ማዝ (ትራኮማ) በእጅ፣ በፎጣና በመኳያ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ንጹሕ ጥጥ መጠቀም፣ በየመሀሉም እጅን በሳሙና መታጠብ ተገቢ ነው።

ንቅሳት ግን ሌላ ነው። መርፌው ደም ስለሚነካ ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው ከተላለፈ ለኤች አይ ቪም ለጉበት ቫይረስም ያጋልጣል። ልጅቷ ማጌጥ ከፈለገች በመርፌ ሳይሆን ማታ በሚታጠብ ቀለም ትጊጥ።

እንግዲህ የሰፈር ልጆችን የምታስጌጡ እህቶችና ወንድሞች፣ አንድ ነገር ያዙ፦ ልጁ ቢልሰው የሚጎዳውን ነገር ፊቱ ላይ አትቀቡ። ሌሎችንም አስተምሩ። መልካም የአሸንድዬ በዓል!