የመርከበኛ ቅጥር ጠባቂው ማን ነው?

በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናትና፥ በሌላ ጉባኤ ቤት ድጓውን የዘለቀ ደቀ መዝሙር እንኳ፥ ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር ከመነሣቱ አስቀድሞ፥ በመምህራኗ ፊት ቀርቦ ሙያውን ያስመሰክራል። ከዚያ ወደ ምዕራብ፥ በጣና ዳር፥ በባሕር ዳር ከተማ፥ በዘመናችን የተቋቋመ ሌላ ትምህርት ቤት የምሕንድስና ምሩቃንን የመርከብ መሐንዲስና የኤሌክትሪክ ባለሙያ አድርጎ ለውጭ አገር መርከቦች ያሰናዳል። ነገር ግን ለመርከበኛ ቅጥር የተማሪው ምስክር ብቻውን አይበቃም፤ ከሚቀጠረው ይልቅ መመርመር የሚገባው የሚያስቀጥረው ነውና።

የመርከቢቱ ባለቤት በግሪክ ተቀምጦ፥ ሰንደቅ ዓላማዋ የፓናማ ወይም የላይቤሪያ ሆኖ፥ ሠራተኞቿ ከፊሊፒንስ፥ ከህንድና ከኢትዮጵያ ተውጣጥተው በአገናኝ ድርጅት በኩል ሲቀጠሩ፥ በደል ቢደርስ ተጠያቂውን ለይቶ ማወቅ ይቸግራል። ባለ ሰንደቁ መንግሥት መርከቢቱን ይመረምራል፤ የወደቡም ሹም ስትደርስ ይፈትሻታል፤ ዳሩ ግን ወጣቱ ገና ባሕሩን ሳያይ፥ በአገሩ ከተማ፥ በአገናኙ ጽሕፈት ቤት የሚጠየቀውን ገንዘብ ሁለቱም አያዩትም።

ስለዚህ በ1912 ዓ.ም. በጄኖዋ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ መርከበኛን ከሥራ ማገናኘት የትርፍ ንግድ እንዳይሆን ከለከለ፤ በ1998 ዓ.ም. በጄኔቫ የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ደግሞ የግል አገናኞች በፈቃድ እንዲሠሩ ደንግጎ፥ ጥበቃውን አገናኙ በሚሠራበት አገር መንግሥት ላይ ጣለ። በዚህ ሥርዓት መርከበኛው ከጤና ምስክር ወረቀት፥ ከመርከበኛነት ደብተርና ከፓስፖርት በቀር የሚከፍለው የለም፤ የቪዛው ዋጋ እንኳ የባለ መርከቡ ዕዳ ነው። አገናኙም የቀጠራቸውን ይመዘግባል፥ አቤቱታ ይሰማል፥ ግዴታው ሲጎድል የሚካስበትን ዋስትና ያስይዛል፤ መርከበኛን ከሥራ የሚያስከለክል የስም መዝገብ መያዝም እርም ነው።

በ1956 ዓ.ም. የመርከብ ድርጅቷን የመሠረተችውና በ1985 ዓ.ም. የባሕር በሯን ያጣችው ኢትዮጵያ፥ ይህን ስምምነት በ2011 ዓ.ም. ተቀብላለችና፥ ወደብ የለኝም ማለት ከአደራው ነጻ አያወጣትም፤ በባሕር ጉዳይ የተሾመው የማሪታይም ባለሥልጣንም የአገናኞቹን ፈቃድና መዝገብ ከመርከበኛው ምስክር ወረቀት ባላነሰ ትጋት ሊመረምር ይገባዋል። ይህም የሚጸናው አሠልጣኙ፥ አገናኙና ተቆጣጣሪው ልዩ ልዩ ሆነው ሲቆሙ ነው፤ ሦስቱ ሥልጣናት በአንድ እጅ ከገቡ ግን፥ የተበደለው መርከበኛ አቤት የሚልበትን ደጅ ያጣል።