ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚስማማ መዋቢያ፦ አመራረጡና ጥንቃቄው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያመራው አውራ ጎዳና ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ካራቆሬን ወደያዘው የይፋት ቆላ ይደርሳል። የማጀቴ ከተማም የምትገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ማሽላና ማሾ በሚመረትበት በዚህ ሞቃት ምድር፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ የመዋቢያ ቁሳቁስ ከጨርቃ ጨርቅና ከጫማ ጎን የሚሸጥ የዘወትር ሸቀጥ ሆኗል። ለሠርግ የምትዘጋጅ ሙሽራም ሆነች በየማለዳው ወደ ቢሮ የምትገባ የመንግሥት ሠራተኛ ፋውንዴሽንና ፓውደር ስትገዛ የሚገጥማት ችግር ግን ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ዕቃው ከውጭ የመጣ፣ ቀለሙም ከቆዳዋ የነጣ ይሆናል።

የነጣ ፋውንዴሽን የተቀባ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ አንገትና ፊትም የተለያየ መልክ ይይዛሉ። ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ከወር ደመወዝ ላይ የባከነ ገንዘብ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን መዋቢያው ከቆዳቸው ጋር አልስማማ ሲላቸው፣ መዋቢያውን ከመቀየር ይልቅ ቆዳቸውን ወደ መዋቢያው ቀለም ለማምጣት የሚሞክሩ አሉ። ቆዳን ለማንጣት በሚሸጡ ቅባቶች ሳቢያ የሚደርሰው ጉዳት የሚጀምረውም ከእንዲህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ነው። በመሆኑም የመዋቢያ ቀለም አመራረጥ የውበት ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

የአገሪቱ ባህላዊ መዋቢያዎች በዚህ ረገድ የሚያስተምሩት ነገር አላቸው። ኩል የዓይንን ዳር ያጠቁራል፤ እንሶስላና ሂና እጅና እግርን ያቀላሉ፤ ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፤ በወሎና በአጎራባች አካባቢዎች የታወቀው የወይባ ጢስ ደግሞ ገላን በመልካም መዓዛ ያውዳል። እነዚህ ሁሉ የቆዳውን ቀለም እንዳለ ተቀብለው የሚያደምቁ እንጂ ወደ ሌላ ቀለም የሚለውጡ አይደሉም። የአማርኛ ቋንቋም ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይና ቀይ እያለ የሰውን መልክ በደረጃ ለይቶ ይጠራል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ የሚታየው የጥቁረትና የቅላት መጠን ብቻ ሳይሆን በቆዳው ውስጥ ያለው የቀይነት ወይም የቢጫነት አዝማሚያ ጭምር በመሆኑ፣ መዋቢያ ለመምረጥም የሚረዳ ዕውቀት ነው።

የቆዳ ቀለም የሚመነጨው ሜላኒን ከተሰኘው ንጥረ ነገር ነው። ሜላኒንን የሚያመርቱት ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት ቁጥር በነጭም በጥቁርም ሰው ቆዳ ላይ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ሕዋሳቱ የሚያመርቱት ሜላኒን መጠን፣ ዓይነትና በቆዳው ውስጥ ያለው ሥርጭት ነው። ሜላኒን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር በመምጠጥ ቆዳን ስለሚከላከል፣ ፀሐይ በሚበረታበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ጥቁረት የተፈጥሮ ጥላ ነው ማለት ይቻላል።

መዋቢያ ሲመረጥ ሁለት ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው የቆዳው የጥቁረት ደረጃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሥር የሚታየው ውስጠ ቀለም ነው። እኩል ጥቁረት ካላቸው ሁለት ሰዎች የአንዱ ቆዳ ወደ ወርቃማ ቢጫ፣ የሌላው ወደ ቀይ ወይም ወደ ሰማያዊ ሊያዘነብል ይችላል። በጥቁረቱ ደረጃ ልክ የሆነ ፋውንዴሽን በውስጠ ቀለሙ ካልገጠመ ፊት ላይ ብርቱካንማ ወይም አመድማ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰዎች "ቀለሙ ልክ ነበር፤ ግን አላማረብኝም" የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አመድማነቱ ከአሠራሩም የሚመጣ ነው። ፋውንዴሽን ቀለሙን የሚያገኘው በዋናነት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከተባለው ነጭ ዱቄትና ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ከሆኑ የብረት ኦክሳይዶች ቅይጥ ነው። ለነጣ ቆዳ የሚዘጋጀው ብዙ ነጭ ዱቄት ይይዛል። አምራቹ ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ለማዘጋጀት የነጩን መጠን ቀንሶ የብረት ኦክሳይዶቹን መጠን እንደገና ማመጣጠን ይኖርበታል። ይህን ሳያደርግ በነጩ መሠረት ላይ ጥቂት ጥቁር ቀለም ብቻ ከጨመረ ውጤቱ ግራጫ ይሆናል። ሐመር ሮዝ የጉንጭ ቀለምና አንዳንድ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች በጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ሆነው የሚታዩትም በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ችግሩ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ የኤቦኒ መጽሔት አሳታሚዎች በሚያዘጋጁት የፋሽን ትርዒት ላይ የሚሳተፉ ጥቁር ሞዴሎች ለቆዳቸው የሚሆን ፋውንዴሽን በማጣታቸው የተለያዩ ቀለሞችን ራሳቸው ይቀይጡ ነበር። ይህንን የተመለከቱት ዩኒስ ጆንሰን እ.ኤ.አ በ1973 ፋሽን ፌር የተባለውን ለጥቁር ቆዳ የተዘጋጀ መዋቢያ ለገበያ አቀረቡ። ሶማሊያዊቷ ሞዴል ኢማንም እ.ኤ.አ በ1994 በስሟ የሚጠራ የመዋቢያ ድርጅት መሠረተች።

የኢትዮጵያ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ በጉልህ የተነሣው እ.ኤ.አ በ2003 ነበር። በአዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ሞዴል ሊያ ከበደ በዚያ ዓመት የኤስቴ ላውደር መዋቢያዎች ተወካይ ሆና የተመረጠች ሲሆን፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ1946 ከተመሠረተ ወዲህ ለዚህ ኃላፊነት የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ ድምፃዊት ሪሃና ያቋቋመችው ፌንቲ ቢዩቲ ፋውንዴሽኑን በአንድ ጊዜ በ40 ቀለማት በማቅረቡ፣ ሌሎች ታላላቅ አምራቾችም የጥቁር ቆዳ ምርጫቸውን እንዲያሰፉ ግፊት ፈጥሯል። ስለዚህ ዛሬ የሚስማማ ቀለም በዓለም ገበያ አለ፤ የሚቀረው አስመጪውና ነጋዴው እንዲያመጣው፣ ገዢውም ለይቶ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

በግዢ ጊዜ ፋውንዴሽንን በእጅ ጀርባ ላይ መሞከር የተለመደ ቢሆንም የእጅና የፊት ቀለም ስለሚለያይ አሳሳች ነው። ተመራጩ ዘዴ ሁለት ወይም ሦስት ተቀራራቢ ቀለሞችን ከመንጋጋ እስከ አንገት መስመር ላይ በቀጭኑ ቀብቶ፣ ከሱቅ ወጥቶ በቀን ብርሃን መመልከት ነው። የሱቅ አምፖል ቢጫ ወይም ሰማያዊ ስለሚሆን እውነተኛውን ቀለም አያሳይም። አንዳንድ ፋውንዴሽን ከላብና ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኝ ስለሚጠቁር፣ ከመወሰን በፊት ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ከቆዳው ጋር ተመሳስሎ የጠፋው ቀለም ትክክለኛው ነው።

የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት በአብዛኛው ወጥ ቀለም የለውም፤ ግንባርና የአፍ ዙሪያ ጠቆር፣ የፊት መሐል ፈካ ይላል። አንድ ቀለም ሁሉንም ካላስማማ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ያለ ሁለት ፋውንዴሽን ገዝቶ መቀየጥ ይበጃል። ለጉንጭ የሸክላ ቀይ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም፣ ለከንፈር ደግሞ ቡናማና ጥቁር ቀይ ይስማማሉ። ከዓይን ሥር የሚታየውን ጥቁረት ለመሸፈን ነጣ ያለ ቅባት መደረብ አመድማነትን ስለሚያመጣ፣ ከሥሩ ብርቱካናማ ማስተካከያ በስሱ መቀባት ይመረጣል።

እንደ ይፋት ባለ ሞቃት አካባቢ መዋቢያ በላብ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቅባት ያልበዛበት ፋውንዴሽን በስሱ መቀባትና ከላዩ ከቆዳው ጋር የሚመሳሰል ፓውደር መጠቀም የተሻለ ነው። ቀለም የሌለው ነጭ ፓውደር በዓይን ባይታወቅም በውስጡ ያለው ሲሊካ የካሜራን ብልጭታ ስለሚያንጸባርቅ፣ በሠርግ ፎቶግራፍ ላይ ፊትን በነጭ ነጠብጣብ ያሳያል። መዋቢያን ፀሐይ በሚመታው መስኮትም ሆነ በተዘጋ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ሊፒስቲኩን ያቀልጣል፤ ቅባቱንም ቶሎ ያበላሻል።

ማዲያት ያለባቸው ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ማዲያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየው የፀሐይ ብርሃን ጭምር ነው። የብረት ኦክሳይድ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚታየውንም ብርሃን ስለሚቀንስና በጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ ስለማይታይ፣ ለጠይምና ለጥቁር ሰው ሁለት ጥቅም ይሰጣል። ባርኔጣና ጥላም ርካሽና አስተማማኝ መከላከያዎች ናቸው።

ከሁሉ በላይ አሳሳቢው ቆዳን ለማንጣት የሚሸጡ ቅባቶች ጉዳይ ነው። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ይገኛል። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል፤ ከነፍሰ ጡር እናት ወደ ፅንሱም ይተላለፋል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ሊያነጣ የታሰበውን ቆዳ መልሶ ሰማያዊ ጥቁር ሊያደርገው ይችላል፤ ይህም ጠባሳ በቀላሉ አይለቅም። እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ስቴሮይዶች ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ለበሽታ የሚሰጡ መድኃኒቶች እንጂ መዋቢያዎች አይደሉም፤ ያለ አግባብ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉርና የፀጉር መብዛት ያስከትላሉ።

በዚህም ምክንያት ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ በ1990፣ ጋና ደግሞ እ.ኤ.አ በ2016 ሃይድሮኪኖን በመዋቢያዎች ውስጥ እንዳይኖር የሚከለክል እርምጃ ወስደዋል። የሜርኩሪ ጉዳይን የሚመለከተው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነትም በመዋቢያዎች ውስጥ ይፈቀድ የነበረውን አነስተኛ መጠን እ.ኤ.አ በ2023 በተካሄደው ጉባኤ በማንሳት፣ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች በሙሉ እ.ኤ.አ በ2025 ከምርትና ከንግድ እንዲወጡ ወስኗል።

በኢትዮጵያም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችን በቁጥጥር ወሰኑ ውስጥ አካቷል። ሕጉ ፍሬ የሚያፈራው ግን በየሱቁ መደርደሪያ ፊት ነው። በየደረጃው ያሉ የጤናና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎች የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የይዘት ዝርዝርና የማብቂያ ጊዜ ያልተጻፈበትን ቅባት ሲያገኙ ሊጠራጠሩ ይገባል። በዝርዝሩ ላይ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ቃል ከተገኘ፣ አልያም ማሸጊያው ቅባቱ ብርን፣ ወርቅንና አሉሚኒየምን እንዳይነካ የሚያስጠነቅቅ ከሆነ፣ ይህ የሜርኩሪ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ሜዳ ላይ ሳይጣል ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል ሊደርስ ይገባል።

ባህላዊው ኩልም ከጥንቃቄ ውጭ አይደለም። በተለያዩ አገሮች ከተመረመሩ የኩል ዓይነቶች በአንዳንዶቹ ከፍተኛ የእርሳስ መጠን ተገኝቷል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ኩልን በተለይ ለሕፃናት አለመኳል ይመከራል። የዓይን ማዝ በሽታ ወይም ትራኮማ በስፋት ከሚገኝባቸው ክልሎች አንዱ የአማራ ክልል በመሆኑም፣ የኩል መኳያን፣ የዓይን ቡሩሽንና የፊት ፎጣን አለመዋዋስ ተገቢ ነው። ይህ ለቤተሰብ ብቻ ሳይሆን በአንድ ቀን ብዙ ሰው ለሚያስተናግዱ የውበት ሳሎኖችም የሚሠራ ነው።

ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚስማማ መዋቢያ ማግኘት ዕድል ሳይሆን የዕውቀትና የአቅርቦት ጉዳይ ነው። ገዢው የቆዳውን ደረጃና ውስጠ ቀለም አውቆ በቀን ብርሃን ሲመርጥ፣ ነጋዴው የደንበኞቹን መልክ አይቶ ሲያስመጣ፣ ተቆጣጣሪው አካልም ጎጂውን ቅባት ከመደርደሪያ ሲያነሳ፣ በማጀቴም ሆነ በሌሎች ከተሞች ያለች ሴት ገንዘቧንም ጤናዋንም ሳታጣ መዋብ ትችላለች። መለወጥ ያለበት የመዋቢያው ቀለም እንጂ የእርሷ ቆዳ አይደለም።