ዐይንን ከመንገድ ሳይነቅሉ ማንበብ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ቢስቲማ የሚሄድ ሾፌር የሐረጎን ጠመዝማዛ አቀበት ወጥቶ ደሴን ያልፋል፤ ሐይቅ ከተማ ሲደርስም የወልድያን ዋና መንገድ ትቶ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ለአገሩ እንግዳ ከሆነ መታጠፊያውን ለማግኘት ዝቅ ብሎ ካርታ ማየት ይገደዳል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በየሰከንዱ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እንግዲህ ለሁለት ሰከንድ ብቻ አንገቱን ቢደፋ፣ 33 ሜትር ያህል መንገድ ሳያየው አለፈ ማለት ነው። በገበያ ቀን በዚያ ርቀት ውስጥ ስንት ሰውና ስንት አህያ እንደሚያቋርጥ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ለዚህ ችግር መላ ይሆን ዘንድ የተሠራ፣ ፍጥነትንና የመታጠፊያን ቀስት በመኪናው የፊት መስታወት በኩል የሚያሳይ መሣሪያ አለ። አሠራሩን ለመረዳት መኪና አያስፈልጋችሁም። ማታ አንድ ንጹሕ የመስኮት መስታወት ጠረጴዛ ላይ አቁሙ፤ ከፊቱ የበራ ሻማ፣ ከኋላውም በዚያው ርቀት ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጡ። በመስታወቱ በኩል ስትመለከቱ ሻማው ውሃው ውስጥ ሲነድ ይታያችኋል። በብርጭቆው ውስጥ እሳት የለም፤ ከመስታወቱ የተንጸባረቀው ብርሃን ከኋላው የመጣ መስሎ ነው። መስታወቱ ብርሃን አሳላፊ ስለ ሆነም ምስሉንና ብርጭቆውን ባንድነት ታያላችሁ።

በመኪናው ውስጥ የሻማውን ቦታ የሚይዘው በዳሽቦርዱ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ ደማቅ ስክሪን ነው። ብርሃኑ በስርጉድ መስታወት ጎልቶ ወደ ፊት መስታወቱ ይላካል፤ ከዚያም ወደ ሾፌሩ ዐይን ይንጸባረቃል። ልብ በሉ፤ ቀስቱ መስታወቱ ላይ የተጻፈ አይመስልም፤ ሁለት ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ ከኮፈኑ በላይ የተንሳፈፈ ይመስላል እንጂ። ዐይን ከቅርብ ወደ ሩቅ ሲዛወር ሌንሱን ለማስተካከል ጊዜ ይፈጅበታል፤ ይልቁንም ዕድሜው በገፋ ሰው። ምስሉ ራቅ ማለቱ ይህን ድካም ያቀልለታል።

አንድ እንቅፋት ግን ነበረ። መስታወት ሁለት ገጽ ስላለው ሁለቱም ያንጸባርቃሉ፤ ቀስቱም መንታ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የፊት መስታወቱ ከተሠራባቸው ሁለት መስታወቶች መካከል ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ከላይ ወፈር፣ ከታች ሳሳ ተደርጎ ይሠራና ምስሎቹ ይገጥማሉ። ስልካቸውን ዳሽቦርድ ላይ አጋድመው ይህንኑ ለማግኘት የሚሞክሩ ሰዎች፣ ፊደሉን የሚገለብጥ ፕሮግራም ቢጠቀሙም፣ ማታ መንታ ቀስት ያያሉ፤ ቀን ደግሞ ፀሐይ ምስሉን ትውጠዋለች።

ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት የሚወስነው ግን መስታወቱ አይደለም። ተቀባዩ መሣሪያ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ያሰላል፤ ከካርታም ጋር ያስተያያል። ጎርፍ የቆረጠውን መንገድ ካርታው ካላወቀው ቀስቱም አያውቀውም።

ዘዴው ከጦር አውሮፕላን የተወረሰ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1988 በኦልድስሞቢል መኪና ላይ አዋለው። ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሕዋ ምርምር ድርጅት ናሳ ባሳተመው ጥናት፣ በማስመሰያ መሣሪያ በዚህ ዘዴ ሲያርፉ ከነበሩት አብራሪዎች አንዳንዶቹ ማረፊያው ላይ የቆመውን ሌላ አውሮፕላን ሳያዩት ቀርተዋል። ዐይናቸው ወደዚያው ነበረ፤ ሐሳባቸው ግን ከቁጥሮቹ ጋር ነበረ። ዛሬ በአንዳንድ መኪናዎች የስልክ ጥሪና የዘፈን ስም ሳይቀር በዚሁ በኩል ይታያል፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን በክረምት ጭጋግ ሐረጎን ለሚወርድ ሾፌር ፍጥነቱና አንዲት ቀስት ይበቁታል።