ለቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ያለ ብዙ ወጪ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

በቢዝነስ አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ (ኤምቢኤ) ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች ከሚጠየቋቸው ፈተናዎች መካከል በስፋት የሚታወቀው ጂማት ነው። አሜሪካ ውስጥ በፈተና ጣቢያ ተገኝቶ ለመፈተን 275 ዶላር፣ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ለመፈተን ደግሞ 300 ዶላር ይከፈላል። ክፍያው እንደየአገሩ ይለያያል። የማሠልጠኛ ተቋማት ለዝግጅት የሚጠይቁት ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በእጥፍ ድርብ ይበልጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተፈታኝ ሸክሙ ከበድ ይላል። የብር የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። የመመዝገቢያው ክፍያ ብቻውን የበርካታ ጀማሪ ባለሙያዎችን የወር ደመወዝ ይበልጣል። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ የሌላቸው ደግሞ ውጭ አገር ያለ እህት ወይም ወንድም እንዲከፍልላቸው ይጠይቃሉ። በዘመድ ገንዘብ የተከፈለበት ፈተና “እስቲ ልሞክረው” ተብሎ የሚገባበት አይደለም።

ይሁንና ለዝግጅቱ ከሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ ሊገኝ ይችላል።

ፈተናው ምን ይመስላል?

ጂማት ከኅዳር 2023 (እ.አ.አ.) ጀምሮ በአዲስ መልክ ተዘጋጅቷል። ጊዜው ወደ ሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ አጥሯል፤ ጥያቄዎቹም 64 ሆነዋል። የሒሳብ፣ የንባብና የመረጃ ትንተና የተባሉት ሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ባለው መለኪያ ይሰፍራል። የጽሑፍ ድርሰት፣ የጂኦሜትሪ ጥያቄዎችና የሰዋስው እርማት ቀርተዋል።

ይህ ለውጥ ኪስ ለሚቆጥብ ሰው ትርጉም አለው። የቀድሞዎቹ ኦፊሴላዊ የመለማመጃ መጻሕፍት በአሮጌ መጻሕፍት መሸጫዎች በርካሽ ይገኛሉ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም በነጻ መዋስ ይቻላል። የሰዋስውና የጂኦሜትሪ ምዕራፎችን ዘሎ ቀሪውን መሥራት ነው። የአልጀብራና የንባብ ጥያቄ አያረጅም።

ከሁሉ በፊት ግን የፈተናው ባለቤት ድርጅት በድረ ገጹ የሚሰጣቸውን ሁለት ሙሉ ነጻ የመለማመጃ ፈተናዎች ማወቅ ይገባል። ከትክክለኛው ፈተና ጋር በጣም የሚቀራረቡት እነዚህ ናቸው፤ ብዙ ሰውም የሚያባክናቸው እነዚህኑ ነው። ቡና እየጠጡ፣ ስልክ እያነሱ፣ በሦስት ቀን ከፋፍለው ይሠሯቸዋል። አንዱን የጥያቄዎቹን ዓይነት ካወቁ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከፈተናው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ ሁለቱንም በአንድ ቁጭታና በሰዓት መውሰድ የተሻለ ነው። ፈተናዎቹን ደግሞ መክፈት ይቻላል፤ ሆኖም የታዩ ጥያቄዎች ስለሚመለሱ ውጤቱ ያታልላል።

ሒሳቡ ሳይሆን ወጥመዱ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያለፈ ሰው ለጂማት የሚበቃ ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ ተምሯል። የሚያስቸግረው ጥያቄው የሚጠይቀው ነገር ነው። የመረጃ ትንተናው ክፍል ከሚያካትታቸው የጥያቄ ዓይነቶች አንዱ መልሱን እንድናገኝ ሳይሆን መልሱን ለማግኘት የተሰጠው መረጃ ይበቃ እንደሆነ እንድንፈርድ ይጠይቃል።

ለምሳሌ ጥያቄው “የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ስንት ነው?” ይላል እንበል። አንደኛው መረጃ፦ ሦስት ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር በድምሩ 2,100 ብር ያወጣሉ። ሁለተኛው መረጃ፦ ስድስት ኪሎ ቡናና አራት ኪሎ ስኳር በድምሩ 4,200 ብር ያወጣሉ። የቸኮለ ተፈታኝ “ሁለት የማይታወቁ ነገሮች፣ ሁለት እኩልታዎች፤ ስለዚህ ሁለቱ መረጃዎች አንድ ላይ ይበቃሉ” ብሎ ያልፋል። ተሳስቷል። ሁለተኛው መረጃ የመጀመሪያው እጥፍ ብቻ ነው፤ አዲስ ነገር አልነገረንም። ቡናው 600፣ ስኳሩ 150 ብር ሊሆን ይችላል፤ ቡናው 500፣ ስኳሩ 300 ብርም ሊሆን ይችላል። መረጃው አይበቃም።

ይህን ዓይነቱን ስሕተት የሚያርመው ውድ ሥልጠና ሳይሆን ደብተር ነው። የተሳሳቱትን እያንዳንዱን ጥያቄ፣ የተሳሳቱበትን ምክንያትና በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያዩ በራስዎ ቃላት ይጻፉ። በአማርኛ ቢጽፉትም ግድ የለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። አንድ መቶ ጥያቄ ሠርቶ ስሕተቱን የመረመረ፣ አምስት መቶ ሠርቶ ከሮጠው ይልቅ ይጠቀማል።

ለሰዓትም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ውጤት ስለሚቀንስ፣ በአንዱ ላይ ከመድረቅ ገምቶ ማለፍ ይመረጣል። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ጊዜ ከተረፈ እስከ ሦስት መልሶችን መቀየር ይቻላል።

ሌላ መንገድስ አለ?

ታላላቅ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ጂአርኢ የተባለውንም ፈተና ይቀበላሉ። እሱም ሁለት ነጻ የመለማመጃ ፈተናዎች አሉት፤ በአሜሪካም አቅማቸው ዝቅተኛ መሆኑን ለሚያስረዱ አመልካቾች የክፍያ ቅናሽ ይሰጣል። ነገር ግን ጂአርኢ የእንግሊዝኛ የቃላት እውቀትን አጥብቆ ይፈትናል፣ ድርሰትና ጂኦሜትሪም አለው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለተማረ ሰው ጂማት ሊቀለው ይችላል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሥራ ልምድን ወይም የቀደመ ውጤትን አይተው ፈተናውን ሙሉ በሙሉ ይተዋሉ። ከመመዝገብ በፊት ለትምህርት ቤቱ የመግቢያ ቢሮ ደብዳቤ መጻፍ ምንም አያስከፍልም። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑም፣ ይህንን የሚያረጋግጥ የሬጅስትራር ደብዳቤ በአንዳንድ ቦታ የእንግሊዝኛ ፈተናን ወጪ ያስቀራል። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ በ1966 የተመሠረተውንና ለኤምቢኤ ተማሪዎች ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ዕድል የሚሰጠውን “ዘ ኮንሶርቲየም”ን ቢመለከቱ መልካም ነው።

ከቤት ሆኖ መፈተን የሚያስቡ ሰዎች ዝግ ክፍል፣ ካሜራ ያለው ኮምፒውተርና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ያስፈልጋቸዋል። በባሕረ ሰላጤው አገራት በጋራ ቤት ለሚኖር ሰው የፈተና ጣቢያው ሳይሻል አይቀርም። ቀን መቀየር ካስፈለገም ቀደም ብሎ ነው፤ ፈተናው በቀረበ ቁጥር የመቀየሪያው ክፍያ ይጨምራል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስም። የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም በላቲን ፊደል በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ መጻፉ የተለመደ ነው። ለፈተናው ሲመዘገቡ ስሙ በፈተናው ዕለት በሚያቀርቡት ፓስፖርት ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል መሆን አለበት። ካልሆነ ተፈታኙ ከበር ይመለሳል፤ የከፈለውም ገንዘብ አይመለስለትም።