ያውቁ ኖሯል? ኑግ፣ የጎብዬ ማሽላና የአንጎል ሕዋስ
አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። በዚህ መካከል «ፍሪ ራዲካል» የሚባሉ ጎጂ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። የአንጎል ሕዋሳት ሽፋን ደግሞ በቀላሉ በሚጠቃ ስብ የበለጸገ ነው፤ አንዱ የስብ ሞለኪውል ሲጎዳ ጉዳቱ እንደ ሰደድ እሳት ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል። ይህን መዛመት የሚገታው እዚያው ሽፋኑ ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ኢ ነው፤ የተገኘውም እ.ኤ.አ. በ1922 በካሊፎርኒያ ነው። ሥራውን ሠርቶ ሲዳከም ቫይታሚን ሲ መልሶ ያድሰዋል። የኑግ ዘይታችን ቫይታሚን ኢ አለው።

የጎብዬና የቆቦ ቆላ ማሽላስ? ታኒን የሚባል የተክል ንጥረ ነገር ያላቸው የማሽላ ዘሮች ወፍ የማይደፍረው ምሬት አላቸው፤ ታኒኑም በቤተ ሙከራ ብርቱ አንቲኦክሲዳንት (ፍሪ ራዲካልን የሚገታ) ነው። ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ግን ጥቂት ስለሆነ፣ ማሽላውን «የአንጎል መድኃኒት» ማለት ስሕተት ነው።

የቫይታሚን ኢ እንክብልን ያለ ሐኪም ምክር አይውሰዱ፤ ሲበዛ ደም የመፍሰስ አደጋን ይጨምራል።